ተርቦቹን ማን ገደላቸው?

በ2009 ዓ.ም. የበልግ መግቢያ ላይ በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ የበቆሎ ማሳዎች ውስጥ እንግዳ ትል ታየ። ላየው ሰው መጀመሪያ የለመደው አገዳ ቆርቁር ይመስለው ነበር። ይህኛው ግን ቅጠል በልቶ አልበቃውም፤ ወደ በቆሎው እምብርት ይዘልቅና መግቢያውን በገዛ ኩሱ ደፍኖ፣ መድኃኒት በማይደርስበት ቦታ ተደላድሎ ይበላ ነበር። ባለሙያዎች አንዱን አውጥተው ግንባሩን ሲያዩ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አገኙ። ወደ ጅራቱ ጫፍ ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። የአሜሪካ ተምች ነበር። አትላንቲክን ተሻግሮ ምዕራብ አፍሪካ መግባቱ ከተሰማ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነው።

የዚህ ትል እናት፣ የእሳት ራቷ፣ ነፋስ ካገዛት በአንድ ሌሊት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። እናም ወረርሽኙ የወረዳና የዞን ወሰን አላቆመውም። ክረምቱ ሳይወጣ ከደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ተነስቶ ኦሮሚያን፣ ጋምቤላን፣ ቤኒሻንጉልን፣ አማራን አዳርሶ ትግራይ ገባ። የክልሉ ዋና ከተማ መቀሌ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን በእንደርታ ገብስና ስንዴ የታጠረች ከተማ ናት፤ ይህ ትል በጣም የሚወደው በቆሎና ማሽላ ግን ከእሷ በስተ ደቡብ፣ በራያ ሜዳ ላይ በብዛት ይዘራል። ለመቀሌ የግብርና ሰዎች ስጋቱ ከዚያ በኩል ነበር።

ተምች ለትግራይ ገበሬ አዲስ ስም አይደለም። የአፍሪካው ተምች ከድርቅ በኋላ የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብ ተከትሎ በመንጋ የሚመጣ የድሮ ጠላት ነው። የመጣውም ያህል ድንገት ይጠፋ ነበር፤ ግማሹ አድጎ ራት ሆኖ ይበራል፣ ግማሹ ግን እዚያው ይቀራል። በወረራው መጨረሻ ማሳውን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ሬሳ ያገኝ ነበር። አንዱ ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ የሞተ፣ ሲነኩት ፈርጦ ጥቁር ፈሳሽ የሚሆን ትል ነው። ይህን የሚያደርገው ቫይረስ ነው። ሌላው ደግሞ አጠገቡ ከሐር ክር የተሠሩ ትንንሽ ነጫጭ እሽጎች ያሉበት፣ የተጨማደደ ትል ነው። ይህኛውን የምትገድለው ተርብ ናት።

ተርቧ ከሦስት ሚሊሜትር ብዙም አትበልጥም። ትሉን ወግታ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቿ በደሙ ውስጥ እየዋኙ፣ እሱን እየበሉ ያድጋሉ፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ቆዳውን በስተው ይወጡና ሐራቸውን ይፈትላሉ። ለገበሬው ቫይረሱም ተርቧም ወዳጅ ናቸው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይሠራሉ።

በዚያው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ብርሃኑ ሲሳይ፣ የኢሲፔው ታደለ ተፈራና ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል ጥያቄ ይዘው ወጡ፤ መጤውን ተምች ከአገር በቀሎቹ የሚደፍረው አለ ወይ? ኢሲፔ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው። ሰዎቹ ከሐዋሳ፣ ከጅማና ከአዋሽ መልካሳ አካባቢ ትሎች ሰበሰቡ፤ ቅጠል እየሰጡ አሳደጓቸው፤ ጠበቁ። ብዙ ተስፋ የሚጣልበት ሥራ አልነበረም። እንግዳ ተባይ ወደ አዲስ አገር ሲገባ ብዙ ጊዜ ጠላቶቹን ጥሎ ነው የሚመጣው፤ የአገሬው ተርቦች እሱን ለመልመድ ዓመታት ሊፈጅባቸው ይችላል።

ከትሎቹ አንዳንዶቹ መብላት አቆሙ። ከዚያ ቆዳቸው ተበሳ። የወጡት ተርቦች ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባለው ዝርያ ሆኑ፤ ከኬንያ በተገኙ ናሙናዎች ተለይታ ስም የወጣላት በዚያው በ2017 ነበር። በቀጣዩ ዓመት የታተመው ውጤት እንደሚለው በኢትዮጵያ እንደ ቦታው ከመቶ ትል ከ33.8 እስከ 45.3 የሚሆነው በእሷ ተይዞ ተገኝቷል። መጤው አገሩን ሳይለምድ አገሬው ለመደው ማለት ነው።

ይህ ዜና ተርቧን አባዝቶ የመልቀቅን ሐሳብ አጠናከረ። ቫይረሱንም የሚያስቡ ነበሩ፤ በታንዛኒያ ዊልፍሬድ ሙሾቦዚ የተባለው ተመራማሪና የእንግሊዝ ባልደረቦቹ የአፍሪካውን ተምች በራሱ ቫይረስ ለመርጨት ዓመታት ደክመዋል። ታዲያ ሁለቱን ወዳጆች አንድ ላይ ማሰማራት ማንንም የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ግን አንዲት ተርብ የወጋችው ትል ቀድሞ በቫይረስ የተያዘ ቢሆንስ? ሁለቱ ወዳጆች በአንድ ሆድ ውስጥ ቢገናኙ ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ነበረው። መነሻው ካሊፎርኒያ ነው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ካያ የሚባል ወጣት ተማሪ በዮሺኖሪ ታናዳ ሥር ይሠራ ነበር። ታናዳ በተምች ቫይረሶች ላይ ስሙ የታወቀ ሰው ነው፤ በ1959 የሐዋይ ተምች ላይ ያሉ ሁለት ቫይረሶች አንዱ ሌላውን እንደሚያግዝ አሳይቶ ነበር። ካያ የተሰጠው ሥራ ከዚያ የሚቀጥል ነው። በእጁ ከሐዋይ የመጣ ቫይረስ የያዛቸው ተምቾችና አፓንቴለስ ሚሊታሪስ የተባለች ትንሽ ተርብ ነበሩ። ተርቧን ጤነኛ ትል ላይ ሲለቃት እጮቿ አድገው ይወጣሉ። የታመመ ትል ላይ ሲለቃት ግን እጮቹ እዚያው ውስጥ ሞተው ይገኛሉ።

በጊዜው ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጭር ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ተከራዩ መሞቱ ምን ይገርማል? ወይ ትሉ ሲሞት አብረው ሞተዋል፣ ወይ ቫይረሱ ምግባቸውን በልቶባቸዋል። ብዙ ሰው በዚህ ረክቶ ያልፍ ነበር። ካያ ያላለፈው አንድ ነገር ስላልገጠመለት ነው፤ ይህ ቫይረስ የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። ትሉ ታምሞም ገና በሕይወት ሳለ፣ ሆዱም ውስጥ ገና የሚበላ ሞልቶ ሳለ ተርቦቹ አልቀው ይገኙ ነበር።

ታዲያ ቫይረሱ ተርቦቹንም ይዞ ይሆን? ይህም አላስኬደም፤ የዚህ ዓይነቱ ቫይረስ የሚራባው በራት ትሎች ሴል ውስጥ እንጂ በተርብ ውስጥ አይደለም። ካያ ፊቱን ወደ ትሉ ደም አዞረ። ከታመሙ ትሎች የተወሰደው ደም፣ የቫይረሱ ቅንጣቶች ባይኖሩበትም እንኳ፣ ተርቦቹን ገደላቸው። ገዳዩ በደሙ ውስጥ የሟሟ አንድ ነገር ነበር። በ1970 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ይህን ነገር መርዛማ ንጥረ ነገር ብሎ ሰየመው። ስም ከመስጠት አላለፈም፤ የሚያልፍበት መሣሪያም አልነበረውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ካያና ታናዳ በሌላ ዓይነት ቫይረስ የተያዙ ትሎች ደምም ተርብ እንደሚገድል አገኙ። በ1985 ደግሞ ካያ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ነገሩን ከደሙ ለይቶ አወጣው። አሁን ገዳዩ እጃቸው ላይ ነበር። ሆኖም ያን የሚሠራው ማን እንደሆነ አላወቁም። ትሉ ታምሞ ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ነው ወይስ ቫይረሱ የሚያሠራው? ይህን ለመለየት የሁለቱንም ዘረመል ፊደል በፊደል ማንበብ ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ያ ከባድ ሥራ ነበር። ካያ ዳቪስ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ፣ ነፍሳትን በሚገድሉ ጥቃቅን ክር መሰል ትሎች ጥናት ስሙን ተከለ። ጥያቄው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ያነሳችው ማዶካ ናካይ ናት። በቶኪዮ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከያሱሂሳ ኩኒሚ ጋር ስትሠራ፣ በቫይረስና በተርብ መካከል ያለውን ፉክክር ለዓመታት ተከታትላለች። የእሷ ትል የምሥራቅ እስያው ተምች ነው። ቫይረሱም ሌላ ነው፤ ከፈንጣጣ ቫይረስ ጋር በሩቅ የሚዛመድ፣ ነፍሳትን ብቻ የሚይዝ ዝርያ። ተርቧ ኮቴሲያ ካሪያይ ትባላለች፤ ለእኛዋ ኮቴሲያ ኢሲፔ የቅርብ ዘመድ ናት፣ በአንድ ትል ውስጥ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ውጤቱ ግን ካያ ካየው አልተለየም። የታመመ ትል ደም የኮቴሲያን እጮች ፈጃቸው።

እዚህ ላይ ነገሩን የቀየረ አንድ ፍተሻ መጣ። በዚያው ተምች ላይ ሜቲዮረስ ፑልክሪኮርኒስ የምትባል ሌላ ተርብም እንቁላሏን ትጥላለች። ያንኑ ገዳይ ለእሷ እጮች ሰጧቸው። አልሞቱም።

በታመመ ትል ውስጥ የሚፈጠር ተራ ብክለት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እኩል ይፈጅ ነበር። ይህ ግን ይመርጣል፤ ኮቴሲያ የምትመደብበትን ማይክሮጋስትሪኔ የተባለውን የተርብ ወገን ለይቶ ይገድላል፣ ከዚያ ውጪ ያለችውን ያልፋታል። እንዲህ ያለ ምርጫ የሚመጣው ሆን ተብሎ ከተሳለ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን የሳለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከበፊቱ ይልቅ ጠነከረ።

መልሱን ፍለጋ የጃፓኑ ቡድን ብቻውን አልሄደም። በካናዳ የግብርና ምርምር ውስጥ የሚሠሩት ዴቪድ ታይልማን፣ ማርቲን ኤርላንድሰንና ባልደረቦቻቸው በነፍሳት ቫይረሶች ዘረመል የተካኑ ነበሩ። ገዳዩ ፕሮቲን ከቫይረሱ ዘረመል ጋር ሲመሳከር ባለቤቱ ታወቀ፤ ቫይረሱ ራሱ ነበር። ትሉን የያዘው ቫይረስ ተቀናቃኙን የሚያስወግድበትን ፕሮቲን ትሉን ያሠራዋል። ለዚህ የዘረመል ቤተሰብ የሰጡት ስም የጥገኛ ተርብ ገዳይ የሚል ትርጉም አለው፤ በምህጻር ፒኬኤፍ ይሉታል። ተመሳሳዩ በተለያዩ የነፍሳት ቫይረስ ቤተሰቦች ውስጥም ተገኘ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለካያ ጥያቄ በቂ መልስ ነበር። ግን በስፔን፣ በቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር።

ሳልቫዶር ኤሬሮና ላይላ ጋስሚ ስፖዶፕቴራ ኤክሲጉዋ የምትባለውን፣ የአሜሪካው ተምች የቅርብ ዘመድ የሆነችውን ትል ያጠኑ ነበር። የተሰረቀ ዘረመል ማግኘት ለእነሱ እንግዳ አልነበረም። እነ ኮቴሲያ እንቁላላቸውን ሲጥሉ የትሉን መከላከያ የሚያደነዝዝ የራሳቸው ቫይረስ አብረው ይወጋሉ፤ ይህ ውል ወደ መቶ ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ጋስሚና ባልደረቦቿ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ከእነዚህ የተርብ ቫይረሶች ዘረመል የተወሰነው ከጥቃቱ ተርፈው በወለዱ ትሎች በኩል ወደ ራቶች ዘር መግባቱን አሳይቶ ነበር። ትሎቹ የወረሱትን አልጣሉትም፤ ከሌሎች ቫይረሶች ለመከላከል ይጠቀሙበታል። ከተርቧ በተወሰደ ነገር ቫይረስን መመከት፤ ይህን ላነበበ ሰው ቀጣዩ ጥያቄ በተገላቢጦሹ ነው።

በተገላቢጦሹም ተገኘ። ገዳዩ ፒኬኤፍ በቫይረሶቹ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ጤነኛ፣ ምንም ቫይረስ ባልያዛቸው ትሎች የራሳቸው ዘረመል ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። አንዳንድ የእሳት ራቶች የጦር መሣሪያውን ከቫይረስ ወርሰው የቤት ዕቃ አድርገውታል። ኮቴሲያ ካሪያይ በእነዚህ ትሎች ላይ ስትጥል ብዙም የማይሳካላትስ በዚህ ምክንያት ይሆን?

ይህን የማረጋገጫው መንገድ አንድ ነው፤ መሣሪያውን ነጥቆ ማየት። ተመራማሪዎቹ በትሎቹ ውስጥ ያለውን ፒኬኤፍ ዝም አሰኙት፤ የዘረመሉን ሥራ አገዱት ማለት ነው። ከዚያ ተርቧን ለቀቁ። ቀድሞ ይሞቱ የነበሩት እጮች በሕይወት ቆዩ። ፕሮቲኑ ተርቦቹን የሚገድልበትም መንገድ ታወቀ፤ የእጮቹን ሴሎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያጠፉ ያዛቸዋል። ከቫይረስ የመጣውም ከትሉ የመጣውም ፒኬኤፍ በአንድ መንገድ ይሠራል።

ሥራው በሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2021) ታተመ፤ ካያ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ባወጣበት በዚያው ሳይንስ መጽሔት ላይ። የጽሑፉ ባለቤቶች ከጃፓን፣ ከካናዳ፣ ከስፔንና ከደቡብ ኮሪያ ሃያ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው።

በዚያ ቀን ጽሑፉን መቀሌ ላይ ሆኖ ማንበብ አይቻልም ነበር። ከዘጠኝ ወር ገደማ በፊት በትግራይ የጀመረው ጦርነት አላበቃም፤ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ ነበር። ከጦርነቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ የትግራይን እህል አንበጣ በልቶት ነበር። ስለ ነፍሳት ምርምር ለማይጨነቅ ሰው ጽሑፉን ማንበብ አለመቻል ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ሰው የሚበላውን ባጣበት ወቅት የሳይንስ መጽሔት ማን ይፈልጋል? ግን የሚበላውን ማን እንደሚበላበት የሚያጠኑት የነፍሳት ተመራማሪዎች ናቸው። ከፕሪቶሪያው የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ መስመሩ ሲከፈት ትሉ ማሳውን አልለቀቀም ነበር፤ የአሜሪካው ተምች አንዴ ከገባበት አገር በቀላሉ አይወጣም።

የበርክሌይና የቶኪዮ ተርቦች ሞት ለኢትዮጵያ ማሳ የሚናገረው አለው። ኮቴሲያ ኢሲፔ የማይክሮጋስትሪኔ ወገን ናት፤ ፒኬኤፍ ለይቶ የሚገድለው ወገን። ስለዚህ ለተምች የሚረጭ ቫይረስ ሲመረጥ በስንት ቀን ይገድላል፣ ስንት ያስወጣል ከሚለው ጎን ለጎን ሌላ መስፈርት ተጨምሯል፤ ቫይረሱ ፒኬኤፍ ይዟል ወይስ አልያዘም? ሁሉም ቫይረሶች አይዙትም፤ ዘረመሉን አንብቦ መለየትም ይቻላል። የያዘውን ቫይረስ ረጭቶ በዚያው ማሳ ላይ ተርብ መልቀቅ አንዱን ወዳጅ በሌላው ማስገደል ነው።

ማሳ ላይ የሚደረገው ቆጠራም በዚህ ምክንያት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተለመደው አሠራር የሐዋሳውና የመልካሳው ነው፤ ትሉን ሰብስቦ፣ ቅጠል እየሰጡ አሳድጎ፣ ተርብ ከወጣበት ተርብ አለ፣ ካልወጣበት የለም ብሎ መመዝገብ። እጮቿ በፒኬኤፍ የሞቱባት ተርብ ግን በዚህ መዝገብ አትታይም። ትሉን ወግታለች፣ እንቁላሏን ጥላለች፣ ልጆቿ ተፈልፍለው ተገድለዋል፤ መዝገቡ ግን ተርብ አልደረሰም ይላል። ስለዚህ ከራያ በቆሎ ከሚለቀመው ትል የተወሰነውን ለማሳደጊያ፣ የተወሰነውን ደግሞ በዚያው ቀን ቀዶ በማይክሮስኮፕ ለማየት መክፈል ያስፈልጋል፤ ካያም ሞተው ያገኛቸው እጮች ከቆዳ ውጪ የወጡ አልነበሩም።